ልጄ ምን ተማረ? የወላጆችና የመምህራን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው

የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ፈተና አልቆ ሪፖርት ካርድ ወደየቤቱ ከገባ ወዲህ ለዚህ ዓምድ ከደረሱት ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የመጡት ከአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ከቱሉ ዲምቱ፣ ከየካ አባዶ፣ ከቦሌ አራብሳና ከኮዬ ፈጬ ነው። ሁሉም የሚያነሱት ትምህርት ቤት ስለ ልጅ ትምህርት ለወላጅ የሚልከውን ወሬ ስለሆነ አምስቱን መርጠን በአንድነት አቅርበናል። የጸሐፊዎቹን ስም በጥያቄያቸው መሠረት አላወጣንም።

ጥያቄ፦ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም እኖራለሁ። ሥራዬ መርካቶ ስለሆነ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ከቤት ወጥቼ የምመለሰው ከመሸ ነው። ሴት ልጄ የ2ኛ ክፍል ተማሪ ናት። መምህርቷ በክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ በየቀኑ «ዛሬ ምዕራፍ 3ን ጀምረናል፣ የቤት ሥራ ገጽ 42» እያሉ ይጽፋሉ፤ እኔም «እናመሰግናለን» ብዬ አልፋለሁ። በካርዷ ላይ አማካይ ውጤቷ 82፣ ደረጃዋ 11ኛ ነው። ሰሞኑን ግን የጎረቤት ልጅ ያመጣውን የተረት መጽሐፍ አንብቢልኝ ብላት ሁለት መስመር መሻገር አቃታት። የቱን ልመን? መምህርቷንስ ሳላስቀይም ምን ብዬ ልጠይቅ?

መልስ፦ እህታችን፣ ሁለቱንም ይመኑ። ካርዱም ሆነ ልጅዎን ያቃታት ገጽ እውነት ይናገራሉ፤ የሚናገሩት ግን ስለተለያየ ነገር ነው። በካርዱ ላይ ያለው 82 የአማርኛ፣ የእንግሊዝኛ፣ የሒሳብ፣ የአካባቢ ሳይንስ፣ የግብረ ገብ፣ የክወናና የእይታ ጥበባት እንዲሁም የጤናና ሰውነት ማጎልመሻ ውጤቶች ተደምረው ከተካፈሉ በኋላ የተገኘ ቁጥር ነው። በየትምህርቱ ያለው ነጥብም ከፈተና ብቻ የተሰበሰበ አይደለም፤ በተከታታይ ምዘና የቤት ሥራው፣ የክፍል ሥራው፣ የደብተር አያያዙና ተሳትፎው ሁሉ ድርሻ አለው። ስለዚህ በጥሞና የምትሰማ፣ ደብተሯን በንጽሕና የምትይዝና የተነገራትን የማትረሳ ልጅ ገና ማንበብ ሳይሆንላት 82 ልታመጣ ትችላለች። በመማሪያ መጽሐፏ ውስጥ ያለውን ምንባብ ደግሞ ክፍል ውስጥ በኅብረት ደጋግመው ስላነበቡት በቃሏ ይዛዋለች፤ የጎረቤት ልጅ ያመጣው መጽሐፍ ግን ከዚህ በፊት ሰምታው አታውቅም። ያልሰማችውን ገጽ ማንበብ መቻሏ ነው የንባብ ችሎታዋ መለኪያ።

ደረጃው ከአማካይ ውጤቱም ያነሰ ነው የሚነግርዎ። 11ኛ መሆኗ ከእሷ በላይ አስር ልጆች መኖራቸውን ያሳያል እንጂ ምን እንደቻለችና ምን እንደቀራት አያሳይም። በእኔ እምነት በታችኞቹ ክፍሎች ካርድ ላይ ደረጃ መጻፍ ቢቀር የሚጎድል ነገር የለም፤ በዚያው ቦታ «አዲስ ጽሑፍ ብቻዋን ታነባለች» ወይም «ገና ታነባለች ለማለት አይቻልም» የሚል አንድ መስመር ቢገባበት ግን ለብዙ ቤት ትልቅ ነገር ነበር።

ልጅዎ የተሰናከለችበትን ቦታ ለማወቅ አንድ እሑድ ግማሽ ሰዓት ይበቃዎታል። የአማርኛ ፊደል 33ቱ ዋና ፊደላት በሰባት ቅርጽ ሲደረደሩ 231 ይሆናሉ፤ ልጆች አብዛኛውን ጊዜ የሚያጠኑትም ከግዕዝ እስከ ሳብዕ በተርታ፣ በዜማ ነው። ዜማው ለማስታወስ በጣም ይረዳል፤ ሆኖም ከተርታው ተነጥላ የቀረበችላትን ፊደል የማታውቅ ልጅ በዜማው ውስጥ ተሸሽጋ ልታልፍ ትችላለች። ስለዚህ በወረቀት ላይ ል፣ ቡ፣ ት፣ ሬ፣ ም፣ ጎ፣ ን፣ ቻ፣ ር፣ ዲ እያሉ ያለ ቅደም ተከተል ጽፈው እያንዳንዷን ትንገርዎ። ካዕብ፣ ሣልስና ኃምስ በአብዛኛው ወጥ ምልክት ስላላቸው ቶሎ ይያዛሉ። ሳድስ ግን ቅርጹ ከፊደል ፊደል ይለያያል፣ በጽሑፍ ውስጥም በብዛት ይገኛል፤ ብዙ ልጆች የሚወድቁትም እዚያ ላይ ነው። ፊደሎቹን ካወቀቻቸው «ቡልቲ»፣ «መርጎን» የመሳሰሉ ትርጉም የሌላቸው ቃላት ይጻፉላት፤ እነዚህን ከትዝታዋ ልታመጣቸው ስለማትችል ፊደል ከፊደል አገጣጥማ ማንበብ መቻሏ በግልጽ ይታያል። ይህንም ካለፈች አጭር አዲስ ምንባብ ታንብብና ስለ ምን እንደሚያወራ በራሷ ቃል ትንገርዎ። ሀ እና ሐን ወይም ሰ እና ሠን አቀያይራ ብትጽፍ አሁን አያስጨንቅዎ፤ እሱ የአጻጻፍ ነገር ነው፣ ከጊዜ ጋር ይስተካከላል።

መምህርቷን ስለሚጠይቁበት አነጋገር፣ ያገኙትን ነገር ይዘው ቢጠይቁ ማንም መምህር የሚቀየም አይመስለኝም። በግሩፑ ላይ ሳይሆን ለብቻቸው «መምህርት፣ ልጄ ሳድስ ፊደላት ላይ ስትቸገር አይቻለሁ። እርስዎ ክፍል ውስጥ ምን ተመለከቱ? ቤት ውስጥ በዚህ ሳምንት ምን ባሠራት ይሻላል?» ብለው ይጻፉላቸው። ዕለታዊው መልእክታቸው መጽሐፉ የት እንደደረሰ የሚናገር ነው፤ ልጅዎ የት እንደደረሰች የሚያውቁት ደግሞ እንዲህ ሲጠይቁ ነው። ከመሸ መመለስዎም መንገዱን አይዘጋውም። ልጅዎን የምትጠብቃት ሰው ስልክ ካላት ልጅቷ በየቀኑ አንድ አጭር ምንባብ ጮክ ብላ አንብባ በድምፅ መልእክት ትላክልዎ፤ እርስዎም ታክሲ ወይም አውቶቡስ ሰልፍ ላይ ሆነው ያዳምጡና ማታ ስለ ታሪኩ ይጠይቋት። በ2ኛ ክፍል የተገኘ የንባብ ክፍተት በየቀኑ በአስርና በአስራ አምስት ደቂቃ ሥራ ሊሞላ ይችላል፤ ነገር ግን 4ኛ ክፍል ሲደርሱ ሌሎቹንም ትምህርቶች የሚማሩት በንባብ ስለሆነ ያኔ ክፍተቱ በሁሉም ትምህርት ይታያል። ስለዚህ ካርዱ ጥሩ ነው ብለው አይተዉት።

ጥያቄ፦ የካ አባዶ አካባቢ የጥበቃ ሠራተኛ ነኝ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ይህንንም ያስጻፍኩት በጎረቤት ልጅ ነው። ወንድ ልጄ 4ኛ ክፍል ነው። መገናኛ ደብተሩ ላይ መምህሩ ሲጽፉ ልጄ «እዚህ ጋ ፈርም» ይለኛል፣ እፈርማለሁ። ምን ላይ እንደፈረምኩ ግን አላውቅም። የማያነብ አባት የልጁን ትምህርት እንዴት ሊከታተል ይችላል?

መልስ፦ አባታችን፣ ከሁሉ አስቀድመው ይህን ጥያቄ ለመምህሩ በአካል ሄደው ይንገሯቸው። ለትምህርት ቤቱ ሁኔታዎን መንገር የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ መምህሩ የጻፉት ሁሉ ተነቦ የተፈረመ እየመሰላቸው ከሚቀጥሉ ቢያውቁት ለልጁ ይበጃል። ጠዋት ከፈረቃ ሲወጡ በትምህርት ቤቱ በኩል ማለፍ የሚችሉ ከሆነ በወር አንድ ጊዜ አምስት ደቂቃ ቆሞ መነጋገር ከብዙ ገጽ ጽሑፍ ይበልጣል። ቴሌግራም ያለው ስልክ በቤትዎ ካለ ደግሞ መምህሩ መልእክታቸውን በድምፅ እንዲልኩልዎ ይጠይቁ።

መገናኛ ደብተሩን ልጁ ጮክ ብሎ ያንብብልዎ፤ ለእሱም የንባብ ልምምድ ይሆነዋል። ነገር ግን ልጅ የሚወቅሰውን መስመር ዘሎ ሊያነብ ስለሚችል አልፎ አልፎ ያንኑ ገጽ ለሌላ ሰው፣ ለምሳሌ ይህን ደብዳቤ ለጻፈልዎ ልጅ፣ ያስነብቡት። ሳይነበብ አይፈርሙ።

ከዚያ ወዲያ እርስዎ የሚያውቁት ብዙ ነገር አለ። ማታ «ዛሬ ምን ተማርክ?» ቢሉት «ምንም» ይላል፤ «ዛሬ የተማርከውን አስተምረኝ» ቢሉት ግን ደብተሩን ከፍቶ ሊያስረዳ ይገደዳል። ማስረዳት ሲያቅተው ያልገባው ቦታ ያ ነው፤ ያንን ለመለየት ደግሞ ማንበብ አያስፈልግም። ሱቅ ልከውት ሲመለስ ዋጋውንና መልሱን በቃሉ ያስላ፤ የ4ኛ ክፍል ልጅ ከ200 ብር ላይ 135 ብር ወጥቶ የሚመለሰውን ወረቀት ሳይዝ መናገር ይገባዋል። ተረት ያውቁ እንደሆነ ይንገሩትና ነገ መልሶ ይንገርዎ፤ የሰማውን በቅደም ተከተል መልሶ መናገር የሚችል ልጅ ያነበበውንም ለመረዳት ይቀለዋል። እንቆቅልሽም እንዲሁ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተማሪዎች በዕድሜ ለሚበልጧቸው አዋቂዎች ፊደል አስቆጥረዋል፤ ዘመቻውም ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል። ልጅዎ በየማታው ሁለት ሁለት ፊደል ቢያሳይዎ እርስዎም ይማራሉ፣ እሱም የያዘውን ያጠነክራል። ለእኔ ከዚህ የበለጠ የቤት ሥራ የለም።

ጥያቄ፦ ቦሌ አራብሳ በሚገኝ የመንግሥት ትምህርት ቤት የ3ኛ ክፍል መምህር ነኝ። በክፍሌ ከ60 በላይ ተማሪዎች አሉ። በየሳምንቱ ለወላጆች መልእክት እጽፋለሁ፤ ነገር ግን ወላጆች ምላሽ የሚሰጡት ልጃቸው እርሳስ ሲጠፋበት ወይም ሲጣላ ብቻ ነው። ወላጅ የሚያነበውና የሚጠቀምበት መልእክት ምን ዓይነት ነው?

መልስ፦ መምህር፣ ከ60 በላይ ልጆች እያስተማሩ ይህን መጠየቅዎ በራሱ የሚመሰገን ነው። ብዙ ወላጆች ዝም የሚሉት ግድ ስለሌላቸው ሳይሆን በተጻፈው መልእክት ምን ማድረግ እንዳለባቸው ስለማያውቁ ይመስለኛል። «በሒሳብ መቀነስን ተምረናል» የሚለውን ያነበበ ወላጅ ምን ብሎ ይመልስ? ወላጁ ራሱ አይቶ የሚፈርደው ነገር ይስጡት። ለምሳሌ ዓርብ ዕለት እንዲህ ቢጽፉ፦

«ውድ ወላጆች፣ በዚህ ሳምንት ባለ ሦስት አሃዝ ቁጥሮችን በመበደር መቀነስ ተምረናል። ልጅዎ 352 ሲቀነስ 127ን በወረቀት ላይ ይሥራ፤ መልሱ 225 ነው። 235 ካገኘ አይቆጡት፤ እንዴት እንዳገኘው ብቻ ይንገርዎና እሱ ያለውን ሰኞ ያሳውቁኝ።»

ይህን ቁጥር የመረጥሁት በምክንያት ነው። 235 የሚያደርሱ ሁለት የተለያዩ ስሕተቶች አሉ። አንደኛው ልጅ በአንድ ቤት ላይ 2 ከ7 እንደሚያንስ ሲያይ ገልብጦ ከ7 ላይ 2ን ይቀንሳል፤ ይህ ልጅ መበደር ምን እንደሆነ ገና አልገባውም። ሁለተኛው ልጅ በትክክል ተበድሮ ከ12 ላይ 7ን ይቀንስና በአስር ቤት ያለው 5 ወደ 4 መውረዱን ይረሳል፤ ይህ ልጅ የሚያስፈልገው ጥንቃቄና ልምምድ ነው። መልሳቸው አንድ ዓይነት ስለሆነ በደብተር እርማት ብቻ ሁለቱን መለየት ያስቸግራል። እርስዎ 60 ልጆችን እያንዳንዳቸውን ቁጭ አድርገው «እንዴት አገኘኸው?» ለማለት ጊዜ የለዎትም፤ 60 ወላጆች ግን እያንዳንዳቸው አንድ ልጅ መጠየቅ ይችላሉ። ከግማሾቹ ብቻ ምላሽ ቢያገኙ እንኳ ሰኞ ክፍል ሲገቡ ማንን በምን እንደሚረዱ ያውቃሉ።

ለክፍሉ በሙሉ ከሚጽፉት ሌላ በቀን ለሦስት ልጆች ብቻ በመገናኛ ደብተራቸው ላይ አንድ አንድ መስመር ቢጽፉ በአራት ሳምንት ስልሳዎቹን ያዳርሳሉ። ያ መስመር ሁልጊዜ ወቀሳ ከሆነ ደብተሩ ሲከፈት ቤተሰቡ ይሸማቀቃል፣ ልጁም ይደብቀዋል፤ ስለዚህ «በዚህ ሳምንት ሳይጠየቅ እጁን አውጥቶ አነበበ» የሚለውም ይጻፍ። ሁሉም ወላጅ ስማርት ስልክ ስለሌለው የዓርቡን መልእክት አትመው ወይም በእጅ ጽፈው በትምህርት ቤቱ በር ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጥፉት። የልጆችን ውጤት በስም ዘርዝሮ በግሩፕ ላይ ማውጣትን ግን አጥብቄ እቃወማለሁ፤ ዝቅተኛ ያመጣው ልጅ ወላጅ ከዚያ ቀን በኋላ ግሩፑን ላይከፍተው ይችላል። የልጆችን ፎቶም ያለ ወላጅ ፈቃድ አያውጡ።

ጥያቄ፦ የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ነው። ቤት ውስጥ የምንነጋገረው በአፋን ኦሮሞ ነው፤ ልጃችን የሚማረው ግን በአማርኛ ሲሆን አሁን 1ኛ ክፍል ነው። መምህሩ በአማርኛ ጽሕፈት እንደሚቸገር ነግረውናል። ዘመዶቻችን ደግሞ ቤት ውስጥም በአማርኛ ብቻ አናግሩት ይሉናል። ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ የቤታችሁን ቋንቋ አትተዉ። ልጁ ታሪክ መተረክን፣ ምክንያት መስጠትን፣ መቁጠርንና ማነጻጸርን የሚለምደው በደንብ በሚያውቀው ቋንቋ ነው፤ በአፋን ኦሮሞ አስተካክሎ ማስረዳት የሚችል ልጅ በአማርኛ የሚጎድለው ቃላቱ እንጂ ሐሳቡ አይደለም። ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ የአገሪቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ የደነገገውም ልጅ በሚያውቀው ቋንቋ ቢማር እንደሚጠቀም በመረዳት ነው። ወላጅ ራሱ አጥርቶ በማይናገረው ቋንቋ ልጁን ሲያናግር ጨዋታው ያጥራል፣ ልጁም ከሁለቱ በአንዱ እንኳ የበለጸገ ንግግር ሳይሰማ ያድጋል።

መምህሩን በመጀመሪያ የቤታችሁ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ መሆኑን ንገሯቸው፤ ካላወቁ ስሕተቱን ከመስነፍ ሊቆጥሩት ይችላሉ። ከዚያም ችግሩ የትኞቹ ፊደላት ላይ እንደሆነ ለይተው እንዲነግሯችሁ ጠይቁ። ለምሳሌ የ«ዘ» እና የ«ጸ» ድምፆች በአፋን ኦሮሞ ነባር ቃላት ውስጥ የሉም፤ ስለዚህ ልጁ በቃል ጽሕፈት ጊዜ እነዚህን ቢያምታታ ድምፁን ገና እየለመደ ነው ማለት ነው፤ ደጋግሞ በመስማት ይስተካከላል። አፋን ኦሮሞን እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ሲማር ደግሞ ሌላ ነገር ይገጥመዋል። ቁቤ የላቲን ፊደላትን ቢጠቀምም የአንዳንዶቹ ድምፅ ከእንግሊዝኛው የተለየ ነው፤ በእንግሊዝኛ «ሲ» የምንላት ፊደል በቁቤ «ጭ»፣ «ኤክስ» የምንላት ደግሞ «ጥ» ሆና ትነበባለች። ፊደልን፣ ቁቤንና የእንግሊዝኛን ንባብ ጎን ለጎን ለሚማር ልጅ ይህ ቀላል ሥራ አይደለም። እናንተ ቁቤ የምታነቡ ከሆነ ቤት ውስጥ በአፋን ኦሮሞ አንብቡለት፤ አማርኛውን ለማገዝ ደግሞ በሰፈር አማርኛ ከሚናገሩ ልጆች ጋር የሚጫወትበት ጊዜ ስጡት። በሚቀጥለው መንፈቀ ዓመት መምህሩን «ተሻሻለ ወይ?» ከማለት «ባለፈው ያምታታቸው ከነበሩት ፊደላት አሁን የትኞቹን አወቀ?» ብላችሁ ብትጠይቁ የሚጨበጥ መልስ ታገኛላችሁ።

ጥያቄ፦ የወላጅ ስብሰባ በተጠራን ቁጥር የሚወራው ስለ አጥር፣ ስለ መዋጮና ስለ ዩኒፎርም ነው። ስለ ትምህርቱ መቼ እንጠይቅ?

መልስ፦ አጥሩም መዋጮውም አስፈላጊ ጉዳዮች ናቸው፤ በወላጅ መምህር ኅብረቱ በኩል ቢታዩ ግን ይበቃል። ከስብሰባው አንድ ሳምንት ቀደም ብላችሁ ሦስት አራት ወላጆች ሆናችሁ ለርዕሰ መምህሩ በጽሑፍ አመልክቱ፤ ከአጀንዳው ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ወላጆች በየክፍሉ ገብተው ከክፍል ኃላፊው መምህር ጋር እንዲነጋገሩበት ይመደብ። ስትገቡ የልጃችሁን ደብተር ይዛችሁ ግቡ፤ መምህሩ ከፍቶ እያሳየ ቢያስረዳችሁ በአዳራሽ ከሚነገረው አጠቃላይ ሪፖርት የበለጠ ትረዳላችሁ። የ6ኛ ክፍል ተማሪ ያላችሁ ደግሞ ከተማ አቀፉ ፈተና እስኪቃረብ አትጠብቁ፤ ልጃችሁ ከ5ኛ ክፍል ይዞት የመጣው ክፍተት በየትኛው ትምህርት እንደሆነ አሁን፣ ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ሲጀመር ጠይቁ።